ደመወዝ፣ ምጣድና የሐይቅ መንገድ

(በደሴ ከተማ በአንድ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በመጀመሪያ ስብሰባውን በዱአና በጸሎት የከፈቱልንን ትልልቅ ሰዎች አመሰግናለሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ቤቱ ሲመክር ማየት ደስ ይላል። ፈጣሪ አያሳጣን።

የዕድሩ ዳኛ ስለ ቤት ኑሮና ስለ ወጪ ትንሽ እንድናገር ጠየቁኝ። እኔ የባንክ ሰው አይደለሁም። ሙያዬ የመብራት ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ጢጣ ስሠራ ኖሬአለሁ። የመብራት ሠራተኛ ሰው ቤት ሲገባ ሳሎን አይቀመጥም፤ ጓዳ ነው የሚገባው። ቆጣሪውን ያያል። ገመዱን ያያል። ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ዕቃ ያያል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ጓዳ ውስጥ ያየሁትን ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ገንዘብ። ሁለተኛ ስለ ቤት ዕቃ። ሦስተኛ ስለ መንገድ፣ ማለትም ቤተሰብ ይዞ ወጣ ስለማለት። ሦስቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የሚወጡት ከአንድ ኪስ ነው! ገንዘቡ ቀድሞ ለዕቃ ይሄዳል። ዕቃው ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ሥራ ይፈታል። ከዚያ «ለመንገድ የሚሆን የለም» ይባላል። ልጆቹም ከሰፈር ሳይወጡ ያድጋሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ከገንዘቡ ልጀምር።

እዚህ ውስጥ ዕቁብ የማይጥል ሰው አለ? እስቲ እጃችሁን። ጥቂት ናችሁ። ዕቁብ ትልቅ ነገር ነው። ሃያ ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል፣ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ባለዕጣ ያለ ወለድ፣ ያለ ቢሮ ምልልስ ተበደረ ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ያን ሁሉ ወር ሲያስቀምጥ ከረመ። የብሩ ቁጥር እኩል ነው። የሚገዛው ዕቃ ግን እኩል ነው? አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። ያኔ ዕጣው መጨረሻ የደረሰው ሰው ገበያ ሲወጣ ምን እንደገጠመው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ባንክስ? ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ወስኗል። መቶ ብር ብታስቀምጡ በዓመቱ 107 ይሆናል። ንረቱ 30 በመቶ ሲሆን ግን በመቶ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ገብቶ ይጠብቃችኋል። ወለድ ለማይነካው ወገናችን ከወለድ ነፃ ሒሳብ አለ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክም አገኘን። እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር አቅሙ ይቀንሳል።

ታዲያ አትቆጥቡ እያልኩ ነው? በፍጹም! በፍጹም! ለክፉ ቀን የሚሆን ብር ከእጅ አይጥፋ። መታመም አለ። ሥራ መፍታት አለ። እኔ የምለው፣ ከክፉ ቀኑ ብር ውጪ ያለው ብር ምን እንደሚሆን ሳይመጣ በፊት ይወሰን ነው።

ይህን ያየሁት ከእናቴ ነው፤ ነፍሷን ይማረው። ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ቁጥር እንጂ ፊደል አትለይም። ዕቁብ ስትገባ ግን ገና የመጀመሪያውን ሳትጥል ቡና ላይ ትነግረናለች። «ይሄ የቆርቆሮ ነው» ትላለች። ወይም «ይሄ የታላቅሽ የትምህርት ነው» ትላታለች እህቴን። ከዚያ በኋላ ያ ብር የቆርቆሮ ነው፤ አለቀ። ጎረቤት ሠርግ አለ ብላ አትነካውም። ነጋዴ ጥሩ ምንጣፍ መጣ ቢላት አትነካውም። ዕጣው የወጣ ዕለት ብሩ ቤት ብዙ አያድርም። በማግስቱ ቆርቆሮ ሆኖ ይመጣል። ንረቱም ሌባውም አያገኘውም። እኛስ? ዕጣው ሲወጣ ነው «ምን ልግዛበት?» ብለን ማሰብ የምንጀምረው። በዚያ ሰዓት ደግሞ መካሪው ብዙ ነው።

ስለ ስልክ ብድርም አንድ ቃል ልበል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል። እኔ ራሴ ሒሳቤን የምቀበለው በእሱ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ሆና ስትቸገር ወዲያው እልክላታለሁ። ግን እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉት ብድር ናቸው። ለአገልግሎቱ የሚቆረጥ ክፍያ አላቸው። መድኃኒት ለመግዛት ወይም ሸቀጥ አምጥቶ ለመነገድ ከሆነ ተበደሩ፤ ይጠቅማል። ለቅዳሜ ምሳ አትበደሩ! ወጣቶች፣ እባካችሁ! ትንሽ ብድር ናት እያላችሁ ደመወዝ ሳይደርስ ተቆርጦ ያልቃል። የሚቆረጠውን ክፍያ በወር አንድ ጊዜ ደምሩት። ወረቀት ላይ ጻፉትና ደምሩት። ያን ጊዜ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሙያዬ ልምጣ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የብዙ ሰው ቤት ባዶ ቀርቷል። ሲመለሱ ቲቪ የለም፣ ፍሪጅ የለም፣ ምጣዱ እንኳን የለም። ከዚያ ወዲህ ትዳሩን እንደ አዲስ ያቋቋመ ቤተሰብ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። በዕዳ የገዛም አለ። ለዚህ ነው በዚያ መከራ የተገዛ ዕቃ በገመድ ጥፋት ሲቃጠል ዝም ብዬ ማየት የማልችለው።

ምጣድ እንይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት የሚችለው ስንት ነው? 16 አምፔር! ጫፍ ድረስ ተጭኗል ማለት ነው። ዲቫይደር ደግሞ ብዙዎቹ 10 አምፔር ናቸው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ተጽፎበታል። ታዲያ ምጣድ፣ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ የምትጋግሩ እናቶች፣ እህቶች፣ እባካችሁ! እባካችሁ! ሶኬቱ ሲሞቅ፣ ጥርሱ ሲጠቁር፣ ፕላስቲክ ሲሸት እሳቱ መንገድ ላይ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው። ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ከብሬከሩ ተነስቶ በቀጥታ ምጣዱ ጋ ይምጣ። የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ አይሰካም። የዚህ መስመር ወጪ ከምጣዱ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ምጣድ ገዛሁ የምትሉት ምጣዱም መስመሩም ሲሟላ ነው።

የመብራት ሒሳብም አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው። ብዙ የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አባወራው ምን ያደርጋል? ልጁን «አምፖል አጥፋ!» ብሎ ይቆጣል። እስቲ አብረን እናስላ። ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ማታ ማታ አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ፣ በዚያው መብራት ከሁለት ወር ተኩል በላይ ይዘልቃል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ግን በ12 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። አያችሁ? ልጁን አትቆጡ! አምፖሉን ቀይሩ፤ ልጁ ያጥና። የምጣዱን ነገር ግን አስቡበት። ምጣድ ብዙ የሚበላው እስኪግል ነው። ሁለት ቀን ሦስት ሦስት እንጀራ ከመጋገር፣ አንድ ቀን አንዴ የጋለውን ሳያበርዱ የሳምንቱን መጋገር ይሻላል። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርታችሁ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ብትመጣ ደግሞ የበለጠ ነው። እናቶቻችን የጭስ ምጣድ ጊዜ ይህን ያደርጉ ነበር።

ፍሪጅ። በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን የዕቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ትልቅ ፍሪጅ ገዛች። የቤቱ ሰው ተሰብስቦ መረቀላት። የኃይሉን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክለውን ስታብላይዘር ግዢ ስትባል «በሚቀጥለው ወር» አለች። መብራት ሄደ፣ መጣ። ሄደ፣ መጣ። አንድ ማታ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ መጣና ፍሪጁ ዝም አለ። በማግስቱ ጠራችኝ። ከፍቼ ሳየው ኮምፕረሰሩ፣ የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ተቃጥሏል። ይህን ለሰው መንገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፍሪጁ ላይ እጇን አሳርፋ አለቀሰች። የዓመት ልፋቷ ነው! የስታብላይዘሩ ዋጋ ከፍሪጁ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳ መብላት አቃተኝ።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ስታብላይዘር ከፍሪጁ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ። መብራት ሲመለስ ወዲያው ኃይል የማይለቅ፣ ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ ዓይነት ምረጡ። የሌላችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩት። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ካልረገበ ለመነሳት ሲታገል ይቃጠላል። አምስት ደቂቃ! ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ፍሪጅ ለሁሉም ሰው የመጀመሪያ ዕቃ ነው? ኮምቦልቻ ያለው ዘመዳችን ቢቸኩል አልፈርድበትም። እኛ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ጦሳ ሥር ነን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ወጥ እዚህ ሲያድር ኮምቦልቻ እንዳደረ አይበላሽም። ለልጅ ወተት፣ ለኢንሱሊን፣ ለንግድ ከሆነ ፍሪጅ ግዴታ ነው፤ በእሱ ክርክር የለኝም። ግን ውስጡ ሁለት ጠርሙስ ውሃና ግማሽ ሎሚ ይዞ ቀን ከሌት የሚሠራ ፍሪጅ ስንት ቤት አይቻለሁ!

ደሴ ላይ ይልቅ ሰው የማያስበው ጠቃሚ ዕቃ አለ። በግፊት የሚያበስለው ድስት፣ ፕሬሸር ኩከር የምትሉት። ለምን? ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። እዚህ እኛ ጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን አነስተኛ ነው። ባቄላውና ሽምብራው፣ የበሬ ሥጋው አልበስል የሚለው ሠራተኛዋ ሰንፋ አይደለም። ከሰሉም ጥፋት የለበትም። ከፍታው ነው። የግፊት ድስት ክዳኑን ዘግቶ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል። የከሰል ወጪ ይቀንሳል፣ ጊዜ ይተርፋል። የክዳኑ ጎማ ደህና መሆኑንና የእንፋሎቱ መውጫ አለመደፈኑን ሁልጊዜ እዩ፤ ግፊቱ ሳይወጣም በጉልበት አትክፈቱት። ይህ እንግዲህ ከፍሪጅ በጣም ባነሰ ዋጋ በየቀኑ የሚያገለግል ዕቃ ነው። ሳሎን ስለማይታይ ግን ማንም አያሞግሰውም።

ጊዜዬ እየሄደ ነው። ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መንገድ ልግባ።

እንደምታውቁት እዚህ አካባቢ ሰው መንገድ ይወዳል። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄድ አለ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣ አለ። ይህን የተቀደሰ መንገድ በክብር አየዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ለማየትና ለመደሰት ብቻ፣ መቼ ወጣችሁ? ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሠላሳ! ሐይቋን አይቶ የማያውቅ የደሴ ልጅ ግን ሞልቷል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መብራት ስዘረጋ ቆሞ ሲያየኝ «ሐይቅ ሄደህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በቲክቶክ አይቼዋለሁ» አለኝ። ውስጤን ነካኝ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስንት ነገር አለው! በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ያስፋፉበት ቦታ ነው። የእሳቸው ዘመን የብራና ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ የሐይቁ ዳር ግን ለሁሉም ነው። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። እንደኛ የተቀላቀለ ዕድር አብሮ ሲወጣ ችግሩ የሥጋ ነገር ነው፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ዓሣ ግን ባራኪ አይጠይቅም። ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ወደ አንድ ትሪ ሲሰድ ልጆች ያያሉ። ይህን የትኛው ትምህርት ቤት ያስተምራል?

ባቲም አለች። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል። ገበያዋ ሰኞ ነው፤ ግመሉ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው፤ ሁለቱም የእኛ ጎረቤት አገሮች! ልጆቻችን ዜማውን ይሰማሉ፣ አገሩን አያውቁትም። ሰኞ ትምህርት አለ ካላችሁ፣ በዓል ሰኞ ላይ ሲውል ጠብቁ። ውጫሌንም አስቡ። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት አገር ነው። ልጁ አንቀጽ 17ን ለፈተና ይሸመድዳል፤ ቦታውን ግን የሚያሳየው የለም። ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው ደግሞ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ በእግር ይደረሳል።

«ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ። እሱን ነው ላመጣ የፈለግሁት። ዕቁብ እናውቃለን አይደል? የመንገድ ማኅበር እናቋቁም። ዕጣ የለውም፤ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይሄዳል። አሥር ቤተሰብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ። ብሩ የሌላ ነገር አይሆንም፣ የመንገድ ነው። ሲሞላ የሚበቃን መኪና ተኮናትረን እንሄዳለን። አንድ ቤተሰብ ብቻውን መኪና ቢይዝ የማይችለውን አሥር ቤተሰብ ይችለዋል። ምግብ ከቤት ይያዛል። ሹፌሩ የሚታወቅ፣ የማይቸኩል ሰው ይሁን። ወደ ኮምቦልቻና ባቲ የሚወርድ የሃረጎን ጥምዝምዝ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም አለ፤ ይቅርብን። መስከረምና ጥቅምት ይመቻል። ከመነሳታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ። ሰላም ካልሆነ ቀኑ ይገፋል፤ ብሩ የትም አይሄድም።

አንድ አባት ባለፈው ቡና ላይ «ይሄ ቅንጦት ነው» አሉኝ። አክብሬአቸው መለስኩላቸው። አባባ፣ ሳሎን ውስጥ ሥራ ፈቶ የቆመው ዕቃ ነው ቅንጦት። እኔ ልጆቼን ሐይቅ ዳር ይዤ የዋልኩበት ቀን አለ። ትንሿ ልጄ ውሃውን አይታ «ማለቂያው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ ሆኜ ያን ጥያቄ በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ያን ዓመት የገዛሁትን ዕቃ ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

በሉ፣ ከዚህ በላይ አላደክማችሁም። ሁለት ነገር ብቻ ላስታውቅ። በመንገድ ማኅበሩ መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን ለዕድሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ እዚያ ጥግ ናቸው። የወር መዋጮውን ራሳችሁ ተመካክራችሁ ትወስናላችሁ፤ አቅም የሌለውን የማያስወጣ ይሁን። ሌላው ደግሞ የምጣድ መስመራችሁ የሚያሳስባችሁ፣ በተለይ አቅመ ደካማ እናቶች፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በነፃ አይላችኋለሁ። ሽቦ መቀየር ካስፈለገ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ለክቼ እነግራችኋለሁ፤ ግዢው የእናንተ ነው፣ የእጄን ዋጋ አልቆጥርም።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። እትዬ፣ እጅዎን ቅድም አይቻለሁ። ስለ ስታብላይዘሩ ነው አይደል? ከእርስዎ እንጀምር።